እስቲ ወደ ብርሃን አዙረው

በየቤተሰቡ አንድ እንከን ፈላጊ አለ። «የእኛ ቤት የለም» የሚል ካለ፣ እንከን ፈላጊው ራሱ ነው። ይህ ሰው ክፉ እንዳይመስላችሁ፤ ዓይኑ ብቻ ከሌላው ሰው ቀድሞ ይደርሳል። አዲስ ቤት ሲመረቅ ሌላው ሲያጨበጭብ እሱ ጣራውን ቀና ብሎ ያይና፣ «ያቺ ጥግ ላይ ያለችው እርጥበት ናት ወይስ ጥላ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ባለቤቱ ከዚያች ጥግ ሌላ ነገር አይታየውም።

የእኛ ቤተሰብ ሊቀ እንከን አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቴ ገና ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ለእሳቸው እንከን መፈለግ ጠባይ ብቻ ሳይሆን መተዳደሪያም ነበር። በጠርሙስ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከኋላው መብራት በበራለት ነጭ ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው ዕድሜያቸውን ፈጁ። ጠርሙሱ በማጓጓዣው ቀበቶ ላይ እየተንቀጫቀጨ ይመጣል፤ አንገቱ የተሰነጠቀውን፣ ሆዱ ውስጥ አረፋ የቋጠረውን፣ ቆሞ የሚንገዳገደውን እየነጠሉ በርሜል ውስጥ ይወረውሩታል። ተሰባብሮ እንደገና ሊቀልጥ ይመለሳል።

ችግሩ፣ አጎቴ ወደ ቤት ሲመጡ ያንን መብራት አያጠፉትም።

«እስቲ ወደ ብርሃን አዙረው» ይላሉ። የታጠበ ሳህን፣ የተሰፋ ሱሪ፣ የእኔ የትምህርት ቤት ውጤት፣ ሁሉም ወደ መስኮቱ ይዞራል። ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ የተነሳሁትን ፎቶ አርቀው አዩት፣ አቅርበው አዩት፣ ከዚያ «ከረባትህ ወደ ግራ ሄዷል» አሉኝ። ፎቶው ዛሬም ግድግዳዬ ላይ አለ። ከጎኔ የቆመችው እናቴ ናፍቃኝ ቀና ባልኩ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ከረባቱ ላይ ነው። እጮኛዬን ያስተዋወቅኳቸው ዕለት ደግሞ ከመስኮቱ ትይዩ ያለውን ወንበር ሳቡላት። ስትሄድ፣ «መልካም ልጅ ናት፤ የምትስቀው ግን በአንድ ጎን ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ይኸው ስንት ዘመን አብረን ስንኖር የማየው ያንን ጎን ነው።

እንዲህ እያልን ስንኖር ፋብሪካው ካሜራ ገዛ። ካሜራውን የምትተክለው ወጣት መሐንዲስ ሠራተኛውን ሰብስባ አስረዳች፦ ካሜራው የሚያልፈውን ጠርሙስ ሁሉ ፎቶ ያነሳል፣ ከተማረው ጋር ያስተያያል፣ ጉድለት ካገኘ አየር የሚተፋ ቱቦ ጠርሙሱን እፍ ብሎ በርሜሉ ውስጥ ይጥለዋል። ከአጎቴ ጋር በፈረቃ የሚቀመጡት ሴቶች ደስ አላቸው። ዓይናቸው እያለቀሰ፣ አንገታቸው እየደረቀ ወደ ቤት የሚገቡት እነሱ ናቸውና። አጎቴ ግን ማሽኑ ሲለምድ ወንበራቸው እንደሚነሳ ሰምተው ነበር። እናቴ ዘንድ መጥተው፣ «ወንበሩ ከተነሳ እኔ ምን ልባል ነው?» ማለታቸውን እሷው ነገረችኝ።

ማሽኑ ግን ለካ በራሱ ምንም አያውቅም። ጠርሙስ እያሳየ፣ «ያልፋል» ሲል አረንጓዴውን፣ «አያልፍም» ሲል ቀዩን ቁልፍ እየተጫነ የሚያስተምረው ሰው ይፈልጋል። ከሊቀ እንከን በቀር ማን ሊሆን? የመጀመሪያው የትምህርት ቀን ከረባት አስረው ሄዱ። ወደ ግራ ሄዶ ነበር፤ ዝም አልኩ።

ለማስተማሪያ የሚሆን አንገቱ የተሰነጠቀ ጠርሙስ ሲጠፋ መሐንዲሷ ደህናውን በምስማር ጭራ አቀረበችላቸው። አንዴ አይተው መለሱላት። «ይህ እንከን አይደለም ልጄ፣ ውሸት ነው። ጠርሙስ እንዲህ አድርጎ አይሳሳትም» አሏት። ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ አመነቻቸውና ቱቦና ቀበቶዋን ልታስተካክል ሄደች። ያልተመለከተችው አንድ ነገር ነበር፤ አረንጓዴው ቁልፍ ላይ አቧራ ተቀምጦበታል።

የሙከራው ቀን ሥራ አስኪያጁ እንግዶች ይዞ መጣ። ቀበቶው ተንቀሳቀሰ። የመጀመሪያው ጠርሙስ እፍ ተብሎ በርሜል ገባ። ሁለተኛውም እፍ። ቀጣዩም፣ የቀጣዩ ቀጣይም። ሥራ አስኪያጁ አንዱን ከአየር ላይ ቀልቦ ቢያገላብጠው ምንም የለበትም። አጎቴ እጃቸውን አጣጥፈው፣ የእኔ ውጤት አንድም ቀን ያላመጣላቸውን ኩራት ፊታቸው ላይ አብርተው፣ «ጎበዝ ተማሪ ነው» አሉ።

ሠራተኛው፣ «ሽማግሌው ወንበራቸውን ለማዳን ተንኮል ሠሩ» ብሎ አማ። ሥራ አስኪያጁም እስከ ነገ ካልተስተካከለ ማሽኑ ወደመጣበት፣ አስተማሪውም ወደ ጡረታ እንደሚሄዱ ተናገረ። መሐንዲሷ ብቻ የተጣሉትን ጠርሙሶች አንድ በአንድ በመብራት ፊት አየቻቸው። በእያንዳንዱ ላይ፣ የመርፌ ጫፍ ብታክልም፣ የሆነች ነገር አለች። ሽማግሌው አልዋሹም።

አጠገባቸው ተቀመጠች። «ጋሼ፣ እሺ ሁሉም ጉድለት አለበት። አንድ ልጅ ውሃ ቢጠማው ከየትኛው ያጠጡታል?»

የተጣሉትን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ አፉ የተሸረፈ ጠርሙስ አነሱ። «ይቺ ከንፈር ትቆርጣለች፤ አያልፍም።» ቀጥለው ሆዱ ውስጥ አረፋ ያለበትን ወደ ብርሃን አዞሩት። «ይቺስ ማንን ትጎዳለች? ለእህቴ ልጅ አጠጣበታለሁ» አሉና አረንጓዴውን ተጫኑ።

ይህን የነገረችኝ መሐንዲሷ ናት፣ ከዓመታት በኋላ አጎቴ ጡረታ የወጡ ዕለት። የእህታቸው ልጅ እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በርሜሉ ውስጥ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

አረንጓዴው ቁልፍ ከተጫነ ወዲህ ማሽኑ ሥራውን ያዘ። ወንበሩ ተነሳ፤ አጎቴ ግን የባሰ ሥራ በዛባቸው። ካሜራው አንድ ዓይነት ጉድለት ሲደጋግም፣ እሳቸው ምክንያቱን ፍለጋ እስከ ማቅለጫው ምድጃ ድረስ ይሄዳሉ። ሴቶቹም ጠርሙሱ ላይ ከማፍጠጥ ተገላግለው ማሽኑን መቆጣጠር ተማሩ። ሌሎች ፋብሪካዎች አጎቴን መዋስ ጀመሩ፦ መድኃኒት ፋብሪካው ለተሸረፈ ክኒን፣ ልብስ ፋብሪካው ለዘለለ ስፌት። ብስኩት ፋብሪካ ሄደው የተሰበረውን ሁሉ አሳለፉት አሉ። «አፍ ውስጥ ገብቶ መሰበሩ ይቀራል?» ብለው።

አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ልጠይቃቸው ስሄድ እንደ ልማዳቸው ወደ መስኮቱ ያዞሩኛል፣ ያያሉ፣ ምንም አያገኙም፤ ፊታቸው ሲጨልም አንጀቴን ይበላኛል። ስለዚህ በራፋቸው ላይ ስደርስ ሸሚዜን አዛንፌ መቆለፍ ጀመርኩ። ያገኙታል፤ ደስ ይላቸዋል፤ ይቆጡኛል፤ ቀኑ ይበራል።

ባለፈው ሳምንትም አዛንፌ ገባሁ። ቁልፎቹን በጣታቸው ከላይ ወደ ታች ዳሰሱና ቀጥ አሉ።

«ይህ እንከን አይደለም» አሉ። «ውሸት ነው።»

ቁልፎቹን በዝግታ ፈትተው በየቦታቸው መለሷቸው፤ ደረቴንም መታ መታ አደረጉት።

«ለምን ትደክማለህ? የአንተን እውነተኛውን ሳላይም አውቀዋለሁ።»

ይንገሩኝ አልኳቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው ከከረባቱ ጀመሩ። እኔም ወንበሬን ወደ ብርሃኑ አዞርኩ።