ቤት የተገኘው ሰው

መንግሥት ለወታደሩ ያስባል። የሚጠራጠር ካለ ወደ ቤት ኪራይ ተመላሽ ክፍል ጎራ ብሎ የማመልከቻ ቅጹን ውፍረት ይመልከት።

አንድ የበር ዘብ አስር አለቃ ካምፑ ውስጥ ቤት ስላልተረፈ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ከተማ ተከራየ። አራት ወር ከኪሱ ከፍሎ፣ ኪሱ ሲራቆት ተመላሽ ጠየቀ። ክፍሉም «ጠያቂው በቤቱ መኖሩ በአካል ይረጋገጥ» ሲል አዘዘ። ብልህ ትእዛዝ ነው፤ ዘንድሮ ማን ይታመናል?

አረጋጋጩ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው ደረሱ።

«ባልሽ የለም እንዴ?»

«ሥራ ላይ ነው ጋሼ። ማታ ይመጣል።»

«ማታ እኔ ሥራ የለኝም።»

መዝገቡ ላይ «በቤቱ የተገኘ የመንግሥት ባልደረባ» የሚል ቦታ አለ። ባዶ መተው ክልክል ስለሆነ፣ አረጋጋጩ የራሳቸውን ስም ጽፈው ፈረሙበት።

አስር አለቃው የአንድ ጠዋት ፈቃድ ጠየቀ። አዛዡ አሰቡና፣ «ዘቡን ጥሎ ቤቱ የሚገኝ፣ ወታደር አይደለም። ወታደር ካልሆነ ደግሞ ተመላሽ አይገባውም» አሉት። ምን ይወጣለታል፣ እውነት ነው።

አረጋጋጩ ግን ሥራ ወዳድ ናቸው፤ በየቀኑ መጡ። ወንበር ተሰጣቸው፤ ውሎ አድሮ ወንበሩ የሳቸው ሆነ። ትንሿ ልጅ ጫማቸውን አልጋ ሥር ማስቀመጥ ለመደች። ምሳ ላይ ጨው ሲያንስ ይቆጡ ጀመር። አከራይዋ በበኩላቸው «ያልከፈላችሁት የሦስት ወሩ ኪራይ በወሩ መጨረሻ ካልተከፈለኝ ዕቃችሁ ደጅ ነው» ስላሉ፣ ሚስትየዋ እንቅልፍ አጥታለች።

በመጨረሻ የተመላሽ ክፍሉ ኮሚቴ ወሰነ። ደብዳቤውን ይዘው የመጡት ያው አረጋጋጩ ናቸው። እንዲህ ይላል፦ «በቤቱ ስልሳ ሁለት ጊዜ የተገኙት አረጋጋጩ ብቻ በመሆናቸው የቤቱ ነዋሪ እርሳቸው መሆናቸው ተረጋግጧል። ተመላሽ መጠየቅ የሚችሉትም እርሳቸው ናቸው። አስር አለቃው ከዘቡ ባለመጥፋቱ ይመሰገናል።»

«መመሪያ ነው፣ ምን ላድርግ» አሉ ዓይናቸውን እያሸሹ።

ሚስትየዋ ልትመልስ ስትል አከራይዋ ገቡ። እሷም ደብዳቤውን ዘረጋችላቸው።

«እትዬ፣ ነዋሪው እሳቸው ናቸው። ማኅተሙን ይዩት።»

አከራይዋ ማኅተሙን አዩ፣ አልጋ ሥር ያለውንም ጫማ አዩ።

«እኔ እኮ እዚህ አልኖርም» አሉ አረጋጋጩ።

«ስልሳ ሁለት ጊዜ ፈርመው?» አሉና አከራይዋ በሩን ዘግተው ቁጭ አሉ።

አረጋጋጩ የሦስት ወሩን ከፈሉ። በማግስቱ ያወጡትን ለማስመለስ ወደ ክፍሉ ሄደው ያንን ወፍራም ቅጽ ሞሉ። ክፍሉም አላሳፈራቸውም፤ መኖራቸውን በአካል የሚያይ ሌላ አረጋጋጭ መደበላቸው። ሰውየው የሚመጣው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ እሳቸው ሥራ ላይ ሲሆኑ።