ቆመው የማያነቡት ደብዳቤ

ሌላው ሁሉ የተወውን ሥርዓት ብቻውን ይዞ የሚቀር ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ለደብረ ታቦር የደረሷት የደብዳቤ ሥርዓት ጠባቂው፣ ክቡር ጋሽ ሙላቴ ናቸው። ክቡርነቱን የሾማቸው የለም። ፖስታ ላይ የሰው ስም ያለ ማዕረግ አይጻፍም ብለው ስለሚከራከሩ፣ እንዳይከፋቸው ብለን እኛው ጨመርንላቸው።

የዚህን ክብር ዋጋ ከማንም በላይ የሚከፍለው ፈይሰል ነው። ፈይሰል ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ደብተር፣ እስክሪብቶና ፖስታ የሚሸጥ፣ ፎቶ ኮፒም የሚያነሣ ወጣት ነው። ጋሽ ሙላቴ ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን ሳይጎበኙ አይውሉም። ጋቢያቸውን ደርበው ይገባሉ፣ ባርኔጣቸውን ባንኮኒው ላይ ያኖራሉ፣ ከዚያ ወረቀት መምረጥ ይጀመራል። ሌላው ገበያተኛ ይጠብቃል እንጂ ምን ያደርጋል?

አንዱን ወረቀት በጣታቸው ያሹታል፣ ወደ በሩ ብርሃን አንሥተው ያዩታል፣ ያሸቱታል። ይኼ ቀለም ያሳልፋል፤ ያኛው ንጣቱ ዓይን ይወጋል። ከደብተር የተገነጠለማ ለስኳር መጠቅለያ ነው። ቡናማ ፖስታ የደረሰው ሰው ከሥራ የተባረረ ይመስለዋል። በቀይ እስክሪብቶ መጻፍ ነውር ነው፤ ቀይ ቀለም የቅዱሳን ስም ይጻፍበታል። ፖስታ ደግሞ በምራቅ አይታሸግም፤ ለምታከብረው ሰው ምራቅህን ትልክለታለህ ወይ? ከሁሉ በላይ የሆነችውን ሕጋቸውን ግን ከፈይሰል ሱቅ ገብቶ ሳይሰማት የወጣ የለም። "ደብዳቤ ቆመው አያነቡትም" ይላሉ። የጻፈው ሰው ቁጭ ብሎ ከጻፈው፣ አንባቢውም ቁጭ ይበልለት ነው ነገሩ።

ይህ ሁሉ ሆኖ የሚገዙት አንድ ወረቀትና አንድ ፖስታ ነው። ፈይሰል በሆዱ ምነው ቅዳሜ ባልነበረች ይላል።

የሚጽፉላቸው ሰዎች አሏቸው። ባሕር ዳር ያለችው እኅታቸው ጥሩወርቅ አለች፣ የክርስትና ልጆች አሉ። ዓውደ ዓመት በመጣ ቁጥር "ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል" ብለው ይጀምራሉ። መልሱ ግን የሚመጣ በስልክ ነው። ደብዳቤዎ ደርሶናል ይሏቸዋል። እሳቸውም "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብለው ይዘጉና ስልኩን ትንሽ ያዩታል። ፈይሰል ይህን ሱቁ ውስጥ አንድ ሁለቴ አይቷል፤ አይቶም ረስቶታል።

እሱ የራሱ ጭንቀት ነበረበት። ሐሙሲት ያሉት የእህል ነጋዴ የሐጂ አደም ልጅ ሶፊያ ልቡን ወስዳዋለች። ታዲያ የሐጂ እናት ሲሞቱ ፈይሰል ዕቃ ሊያመጣ ባሕር ዳር ነበር። ሲመለስ ሐሙሲትን አልፎ ነው የመጣ፤ ወርዶ ለቅሶ መድረስ ሲገባው፣ መኪና ውስጥ እንዳለ በስልኩ ሁለት መስመር ጻፈና እንባ የሚያፈሱ ቢጫ ፊቶች አስከትሎ ላከ። ለቅሶ የደረሰ መሰለው። ኋላ ሽማግሌዎች ሄደው ልጅዎን ለልጃችን ቢሉ፣ ሐጂ አደም ስልካቸውን አውጥተው አሳዩአቸው። ለእናቴ በቢጫ ፊት ያለቀሰላትን ልጅ አማች አላደርግም አሉ። ሽማግሌዎቹ እንደሄዱ ተመለሱ። ሶፊያም አባቷ ሳይታረቁ ከደጇ እንዳይደርስ ላከችበት።

ወሬው ጋሽ ሙላቴ ዘንድ ለመድረስ ቅዳሜን አልጠበቀም። መጡና ባርኔጣቸውን አኖሩ። ፈይሰል ተግሣጹን ሲጠብቅ፣ በርጩማውን ገፋ አደረጉለት።

"ቆመው የሰቀሉትን ቁጭ ብለው ማውረድ ያስቸግራል ይባላል" አሉት። "አንተ ግን ቁጭ በልና አውርደው።"

እርስዎ ይጻፉልኝ ቢላቸው፣ ሐዘን በሰው እጅ አይጻፍም አሉ። በኮምፒውተር ልጻፈውና ላትመው ሲል ባርኔጣቸውን አንሥተው ሊወጡ ምንም አልቀራቸውም። ከሱቁ ወረቀት አንዱንም አልወደዱትም። ከመንገዱ ማዶ ቤታቸው ሄደው ከሣጥን ውስጥ የቅቤ መልክ ያለው ወፍራም ወረቀት ይዘው መጡ፤ ለሚገባው ሰው ብለው ለዓመታት ያስቀመጡት ነው። ፈይሰል ያን ወረቀት ደጋግሞ አበላሸ። ጋሽ ሙላቴ ሌላ ያቀብሉታል። ሰላምታው በእናንተ ወግ ይሁን አሉት፤ ሲታጠፍም ያ ሰላምታ ቀድሞ እንዲታይ ይሁን። አንድ ጊዜ ብቻ ብዕሩን ያዙት፤ ስለ ሶፊያ ሊጀምር ሲል።

"በሟች ደብዳቤ ሠርግ አይጠራም" አሉት። "ስለ ሐጂ እናት ብቻ ጻፍ።"

ፈይሰል ሳይወድ በግዱ ስለ እሳቸው ብቻ ጻፈ። ሐሙሲት ለገበያ ሲሄድ ሕፃን ሳለ ወተት ያጠጡት እንደነበር፣ ለለቅሷቸው ሳይወርድ ማለፉ እንደሚያሳፍረው ጻፈ። የይቅርታ ደብዳቤ በሽማግሌ እጅ ነው የሚሄድ ብለው ጋሽ ሙላቴ ራሳቸው ወረታ ላይ መኪና ቀይረው ሐሙሲት ወረዱ። ፈይሰል የዚያን ቀን የአንዱን ሰው ፎቶ ኮፒ ለሌላው ሲሰጥ ዋለ።

ወደ ማታ ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር።

"ወንበር አስመጡ። ቁጭ ብለው አነበቡት" አሉ። ለእሳቸው ነገሩ በዚህ አልቋል። ፈይሰል ለምኖ ነው የቀረውን ያናገራቸው፤ ሐጂ አደም ልጁ ይምጣና ከእናቴ መቃብር ዱዓ ያድርግ፣ የሌላውን ከዚያ እናወራለን ብለዋል። ሄደ፤ አወሩም። የኒካሑ ቀን ተቆረጠ።

የሠርጉ ጥሪ ለሩቁ በስልክ፣ ለቅርቡ በታተመ ካርድ ተበተነ። ለአንድ ሰው ግን ፈይሰል ባሕር ዳር ወርዶ የቅቤ መልክ ያለው ወረቀት ፈለገ። ባለሱቁ እስኪሰለቸው ድረስ አሸው፣ ወደ ብርሃን አነሣው፣ አሸተተው። ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ሙላቴ ባርኔጣቸውን ሲያኖሩ ከባንኮኒው ወጥቶ ፖስታውን በሁለት እጁ አቀረበላቸው። በእጅ ጽሕፈት "ለክቡር ጋሽ ሙላቴ" ይላል።

"ለእኔ ነው?" አሉ።

ለረጅም ጊዜ ስማቸውን አዩት። ከዚያ የፖስታውን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱ።

"በምን አሸግኸው?"

"በሙጫ ነው፣ ጋሼ።"

"ደግ። ቤቴ ገብቼ፣ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ" ብለው ወጡ። ባርኔጣቸውን ረሱት።

ፈይሰል ባርኔጣውን ይዞ ቢከተል፣ ጋሽ ሙላቴ ማዶ አልደረሱም። አስፋልቱ መኻል ላይ፣ ፖስታውን በብብታቸው ይዘው፣ ወረቀቱን ዘርግተው፣ ቆመው ያነባሉ። ባጃጆቹ ከወዲህም ከወዲያም ጥሩምባ ይነፋሉ፤ እሳቸው አይሰሙም።

ፈይሰል ወደ መንገዱ ገባና ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ባጃጆቹን አስቆመ።

"ትንሽ ታገሡ" አላቸው። "ደብዳቤ ደርሷቸው ነው።"