ስለ ተሸረፉ ጅራቶች የቀረበ የከበረ ጥናት

ከሁሉ አስቀድሞ ለአጥኚው ቡድን ምስጋና ይገባል። ባሕራችን ላይ ዘጠና የነፋስ ተርባይኖች ሊተከሉ ሲታሰብ፣ ለዓሣውና ሎብስተር ለሚባለው ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ የሚቆረቆር ገለልተኛ ሰው አስፈለገና፣ ባሕር ከማይታይበት ከተማ ተፈልገው መጡ። ሰው የሚያዳላው ለሚያውቀው ነው፤ እነሱ ምንም ስለማያውቁ ገለልተኝነታቸው ፍጹም ነበር።

ቡድኑ በአንድ ሳምንት ሁለት መቶ ሎብስተር አውጥቶ መረመረ። ግኝቱ አስደንጋጭ ሆነ፤ ከሴቶቹ የግማሾቹ ጅራት በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ተሸርፏል። ተርባይን ደግሞ ገና አልተተከለም። እንግዲህ ሌላ ጠላት አለ ማለት ነው።

ሕዝቡ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተጠራ፤ ሻይና ብስኩትም ቀረበ። የቡድኑ መሪ ዶክተር ሮዛሊንድ ፒም የአንዷን ጅራት ፎቶ ግድግዳ ላይ አሳየች።

"ይህን ግፍ የፈጸመው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አለ ዊልፍ ካሚሽ ከኋላ ወንበር። ዊልፍ እዚያ ውሃ ላይ የሎብስተር ወጥመድ ሲጥል አርባ ዓመቱ ነው፤ ሌላ እንጀራ የለውም።

"እያወቁ?"

"አውቄ ነዋ! እንቁላል ያዘለች እናት ስትያዝ፣ ጅራቷን ሸረፍ አድርገን እንለቃታለን። ምልክቷን ያየ ሁሉ መልሶ ይለቃታል፤ እንድትወልድ። ደንባችን ነው፣ የኔ ልጅ።"

"ስንቱን ቆርጠዋል?"

"ማን ቆጠረው? በሺህ ነው እንጂ!"

"በሺህ፤ ይመዝገብ" አለች ወደ ጸሐፊዋ ዞራ።

"ተቀመጥ አንተ ሰውዬ! በገዛ አፍህ ታሰርክ እኮ!" አለች ሚስቱ ሞሪን ኮቱን እየጎተተች።

ዊልፍ ግን አልተቀመጠም። "ያን ሁሉ የተርባይን ምሰሶ ባሕሩ ወለል ላይ ስትቀጠቅጡትስ፣ በጩኸቱ እነዚህ እናቶች ምን ሊሆኑ ነው?"

"ድምፅ ጅራት አይቆርጥም" አለች ዶክተሯ። ባልደረቦቿ አጨበጨቡ።

አራት መቶ ገጽ ያለው ሪፖርት ወጣ። የተርባይኖቹ ተጽዕኖ ኢምንት ሆኖ ሲገኝ፣ የዊልፍ ካሚሽ ተጽዕኖ ግን ከፍተኛ ሆነ። ስለዚህ ለሎብስተሮቹ ደኅንነት ሲባል ወጥመዱ እንዲነሣ፣ ምሰሶው እንዲተከል ተወሰነ። እኔ ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ግን ብስኩታቸውን በልቼ ምን አፍ አለኝ?

ከሁለት ወር በኋላ ዶክተሯ ዊልፍ ደጃፍ ቆመች። ወጥመዶቹ ጓሮ ተከምረው ሣር በቅሎባቸዋል።

"መሥሪያ ቤታችን ለተጎዱ ወገኖች ያስባል" አለችው። "ጀልባዎን ይዘው የተከለለውን ውሃ ይጠብቁልን። አጥማጅ ከመጣ ያባርራሉ።"

"ማንን ነው የማባርረው?"

ዶክተሯ መዝገቧን ገለጠች።

"በዚያ ውሃ ላይ የተመዘገበው አጥማጅ አንድ ብቻ ነው፤ እርስዎ ነዎት። ግን ጠንቀቅ ይበሉ፤ አካባቢውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው።"