በሁዳዴ የተሰቀሉ ዓሣዎች

ዓሣ አጥማጅ ትዕግሥተኛ ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። የመካኒሳ ጎረቤቴን ጋሽ ታደለን ብታዩት ግን "ይሄማ ሠዓሊ ነው" ትሉ ነበር። መንጠቆ ላይ ትል መሰካት ለእሱ ነውር ነው። ትልቅ ዓሣ የሚያድነው ትንሽ ዓሣ አይደል? ትንሹን ዓሣ ከመጥረጊያ እጀታ ይቀርጸዋል፤ በሚስቱ የጥፍር ቀለም ቅርፊት ይሥልለታል፤ ከዚያ ላንጋኖ ወርዶ ውኃ ውስጥ እየጎተተ አምባዛውን ያታልልበታል።

ባለፈው ሁዳዴ፣ ገና መንጠቆ ያልገባላቸውን አሥራ ሁለት ዓሣዎች ቀለማቸው እንዲደርቅ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቀላቸው። የግቢያችን የጾም ዘበኛ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቅዳሴ ሲመለሱ አዩዋ!

"አንተ ታደለ! በዚህ ጾም ዓሣ? ሽታው እኮ ከአቦ በር ጀምሮ ነው የተቀበለኝ!"

ጋሽ ታደለ አንዱን አውርዶ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው። በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት። ቋ ቋ አለ።

"በስመ አብ! እንጨት ነው እንዴ?"

ግቢው በሳቅ አውካካ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እጁ ይባረክና፣ የዓሣው ሽታ አላስቀምጥ ብሎኝ ከጠዋት ጀምሮ መስኮቴን ዘግቼ ነበር የዋልኩት።