ወንበርና ሽምግልና

ረጅም ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ «አንተ ግን ረጅም ነህ እኮ!» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ራሰ በራውንስ ጠርቶ «ፀጉርህ አልቋል» ብሎ ዜና የሚነግረው አለ? የለም። ወፍራም ሰው ግን መወፈሩ በየቀኑ ይነገረዋል፤ ያውም እሱ እስካሁን ያልሰማ ይመስል። ነጋሪው ደግሞ ነግሮ ብቻ አይሄድም፤ መድኃኒት ያዝዛል። አንዱ ሎሚ በሙቅ ውሃ ጠጣ ይላል። ሌላው ጥቁር አዝሙድ በማር ላስ ይላል። ሦስተኛው እንጀራ ጨርሶ ተው ብሎ መክሮኝ ሲያበቃ በሳምንቱ ለልጁ ክርስትና ይጠራኛል። ሄጄ እንጀራውን ብተወው «ምነው፣ ቤቴን ናቅኸው እንዴ?» ብሎ የሚቀየመኝም ራሱ መካሪው ነው።

እኔ እንግዲህ ወፍራም ነኝ። «ሞላ ያለ»፣ «ደልደል ያለ» የሚባለውን ደረጃ ካለፍኩ ብዙ ዘመኔ ነው። ጡረታ እስክወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ፤ ካርታው ፊት ስቆም አፍሪካ በሙሉ ትሸፈን ስለነበር ተማሪዎቼ ከአውሮፓ በቀር የሚያውቁት አህጉር የለም እየተባለ ይቀለድብኝ ነበር። ዛሬም ሐረር ውስጥ «ወፍራሙ ጋሽ ታምሩ» ብላችሁ ብትጠይቁ ቤቴን የማያሳያችሁ የለም። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ የቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች ከሩቅ ሲያዩኝ በድንገት ጎማቸውን ጎንበስ ብለው መመርመር ይጀምራሉ። ደፋሩ ያቆምልኝና «ጋሼ፣ መሐል ላይ ይቀመጡልኝ፣ አቦ፣ ወደ ጎን እንዳንጋደል» ይለኛል። ቅር አይለኝም፤ ስለ ሚዛን የሚያውቅ ሾፌር ማግኘት መታደል ነው።

ስለ ሚዛን ካነሳን አይቀር፣ ባለፈው ዓመት ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሚዛኑ ላይ ስወጣ መርፌው እስከ ጥግ ድረስ ሮጦ እዚያው ቀረ። ሐኪሙ ትክክለኛ ክብደቴን ሳያውቅ መድኃኒት አላዝም አለ። ምን ላድርግ? ጊደር መጋላ ገበያ ወርጄ እህል የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ወጣሁ። ነጋዴዋ የሰፈራችን ሰው ስለሆነች ዓይን እንዳይበላኝ ብላ ደጋግማ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» እያለች መዘነችኝ። ከኩንታል ተኩል አለፍኩ። አጠገቤ ማሽላ ሊገዛ የመጣ አንድ ገበሬ ቆሞ ነበር፤ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አይቶ ነጋዴዋን አየና ዋጋ ሊጠይቅ ምንም አልቀረውም።

ሐኪሙ ይህን ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ። እንዲህ ከቀጠልኩ ጉልበቴ ብቻ ሳይሆን ልቤም እንደሚያምፅ ነገረኝና ምግብ ቀንስ አለኝ። ሐረር ውስጥ ምግብ ቀንስ! እሱ የመጣው ከሌላ አገር ስለሆነ አልፈርድበትም። በእኛ ጾም ባለቤቴ ዘነበች «የጾም ነው፣ ምን ያደርግሃል» እያለች ሽሮውንና ዘይት የጠጣውን ፍርፍር ትከምርብኛለች። በረመዳን ደግሞ ጎረቤቴ አው ኢብራሂም አዛን እንዳለ ሳምቡሳና ሾርባ ይልኩልኛል፤ ሰሃኑ ባዶውን ካልተመለሰላቸው ይቀየማሉ። ሁለት ሃይማኖት በሚጾምበት ከተማ የሁለቱንም ማፍጠሪያ የምበላ ሰው እንዴት አድርጌ ልክሳ?

ወደ ቤተሰቤ ስመለስ፣ እነሱ ዘንድ በእኔ ጉዳይ ላይ ሁለት ፓርቲ አለ። የባለቤቴ ፓርቲ ምግቡን ከእኔ ይደብቃል። የታናሽ እህቴ የአልማዝ ፓርቲ ደግሞ እኔን ከሰው ይደብቃል። በሠርግ ፎቶ ላይ ሁልጊዜ ከኋላ የምታቆመኝ እሷ ናት፤ ምን ዋጋ አለው፣ ከፊት ሦስት ሰው ቆሞም በግራም በቀኝም ተርፌ እታያለሁ።

የዛሬው ወጌ የሚጀምረው ናትናኤል ላገባ ነው ያለ ጊዜ ነው። ናትናኤል የሟች ወንድሜ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ስለነበር ያደገው እኔ ቤት ነው። የወደዳት ልጅ ሰላም ትባላለች፤ ሰላም ጥሩ ልጅ ናት፤ ችግሩ አባቷ ናቸው። ሻምበል ወርቁ በውትድርና ወደ ሐረር መጥተው፣ ጡረታቸውን ይዘው ጀጎል ውስጥ በአንድ አሮጌ የሐረሪ ቤት የቀሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች «ልጄ ገና ናት» ብለው መለሱ። ሁለተኛዎቹን «አስብበታለሁ» ብለው ሸኟቸውና ሳያስቡበት ቀሩ። በመጨረሻ መልእክት ላኩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ እሰማለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ደጄን እንዳትረግጡ፣ ከአገሬም ልጄን የጠየቀኝ ሰው አለ የሚል። ናትናኤል ያን ቀን እራቱን አልበላም። እኛ ቤት እራት ያልበላ ሰው በታሪክ የመጀመሪያው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ማን ይሂድ ተብሎ ቤተሰብ ተሰበሰበ። አው ኢብራሂም ይሂዱ ሲባል ሁሉም ተስማማ፤ አንደበታቸው የሰከነ፣ ሻምበልም የሚያከብሯቸው ሰው ናቸው። የንስሐ አባታችን ቄስ ገብሬም ላይ ክርክር አልነበረም። ሦስተኛው ሲባል ናትናኤል «ጋሼ ታምሩ» አለ። እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ አልማዝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ግን ሰማኋት። ሻምበል ልጅ የሚሰጠው ዘር አይቶ ነው፣ ይሄን ሲያይ ልጁም ነገ እንዲህ ሊሆን ነው ይላል፣ ደግሞስ እንደ ባለፈው ወንበር ሰብሮ ቢያዋርደንስ አለች።

ባለፈው የተባለው በአንድ ክርስትና ላይ የፕላስቲክ ወንበር ከሥሬ ተሰንጥቆ ከነሰሃኔ መሬት የደረስኩበት ነው። ያኔ ከሁሉ ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ወፍራም ሰው ቀድሞ መሳቅ ይለምዳል፤ ካልቀደመ ይስቁበታልና። የዚያን ቀን ጓዳ ውስጥ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ከፍቶኝ ነበር። ናትናኤል ጋሼ ካልሄደ ማንም አይሂድ ብሎ ባይቆጣ ኖሮ እኔው ራሴ ወጥቼ አልሄድም ልል ነበር።

ቀኑ ደርሶ ሄድን። ባጃጁ ፈረስ መጋላ ላይ አወረደን፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የጀጎል ጠባብ መንገድ በእግር ነው። አው ኢብራሂም ከፊት፣ ቄስ ገብሬ ከኋላ፣ እኔ መሐል ሆነን በአንዱ ቀጭን መተላለፊያ ስንገባ ግንቡ በሁለቱም ትከሻዬ ኖራውን እየቀባኝ ሄድኩ። ከፊታችን አንዲት ሴት እቃ ተሸክማ መጣች። አው ኢብራሂምን በጎን አሳልፋ እኔ ዘንድ ስትደርስ ቆማ አየችኝ፣ ግንቡን አየች፣ ምንም ሳትናገር ወደ መጣችበት ተመልሳ መንገዱን ለቀቀችልኝ። ሳልፋት «አቦ፣ አይዞዎት ጋሼ» አለችኝ። ከዚህ የበለጠ ጨዋነት የት ይገኛል?

ሻምበል ቤት ስንደርስ ሸሚዜ ሰው ውሃ የደፋበት ይመስል ነበር። የሐረሪ ቤት እንደምታውቁት ውስጡ ደረጃ ደረጃ ሆኖ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ምንጣፍ የለበሰ መደብ አለው፤ ነደባ ይሉታል። ስንት ትውልድ ተቀምጦበት ንቅንቅ ያላለ መቀመጫ ነው። ዓይኔ እዚያ ላይ አረፈ። ምን ያደርጋል፣ የሻምበል ባለቤት እኛን ለማክበር ብለው ከነደባው ፊት ሦስት አዲስ የፕላስቲክ ወንበር ደርድረውልናል። ነጫጭ ናቸው፤ እግራቸው እንደ ጠቦት እግር ቀጥኗል። የእኔ ድርሻ የቱ እንደሆነ ባላውቅም መጨረሻው ምን እንደሚሆን አወቅሁ።

ለልጅ ጥያቄ የሄደ ሽማግሌ ገና ከመግባቱ ቁጭ አይልም። ጉዳዩን ቆሞ ይናገራል፣ «ተቀመጡና እንነጋገር» ሲባል ጥቂት ይግደረደርና ይቀመጣል። ደንቡ ይኸው ነው። አው ኢብራሂም ቆመው ተናገሩ፤ በአላህም በእግዚአብሔርም ስም ለመኑ፤ ልጁን አወደሱ፤ ናትናኤል ራሱ ቢሰማ ይሄ የሚሉት ልጅ ማነው ይል ነበር። ሻምበል ሰምቻለሁ ተቀመጡ አሉ። አው ኢብራሂም ተቀመጡ። ቄስ ገብሬ ተቀመጡ። እኔ ሦስተኛውን ወንበር አየሁና ቆሜ ቀረሁ።

ሻምበል «ይቀመጡ እንጂ አቶ ታምሩ» አሉኝ። ደህና ነኝ አልኩ። ልጅቷ ሥራ ከጀመረች ገና መሆኑን ማስረዳት ጀመሩና መሐል ላይ ቀና ብለው ሲያዩኝ እንደቆምኩ ነኝ። ነገሩ ጠፋባቸው። ስለ ዘመኑ ወጣት ጸባይ ጀመሩ፤ አሁንም አዩኝ፤ እሱም ጠፋባቸው። ላቤ ከግንባሬ በአፍንጫዬ ጫፍ እየዞረ ይወርዳል። ጉልበቶቼ ተራ በተራ ይንቀጠቀጣሉ። «ምነው፣ የማይቀመጡት ለምንድነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ምን ልበላቸው? ወንበርዎ አይችለኝም ልበል? የአልማዝ ቃል ጆሮዬ ላይ ነው። ወንበሩ ተሰብሮ ነጭ ስብርባሪ መሐል ስንደባለቅ፣ ሻምበል ልጃቸውን ከዚህ ዘር ሲያርቁ፣ ናትናኤል ቤት ሆኖ ሲጠብቅ ታየኝ። ላቤን በእጄ ጠረግሁ። ይህን ያዩት አው ኢብራሂም ከአጠገቤ ሆነው ሻምበልን «ወላሂ፣ ይሄን ልጅ ያሳደገው እሱ ነው። መልስ ሳያገኝ የሚቀመጥበት አንጀት የለውም» አሏቸው።

ሻምበል ቀስ ብለው ተነሱ። የቤታቸው እንግዳ ቆሞ እሳቸው ሊቀመጡ አልቻሉም። የቤቱ ጌታ ሲነሱ ቄስ ገብሬ ተነሱ፤ አው ኢብራሂምም ተነሱ። ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ሆነው አራት ሽማግሌ እንደ ተማሪ ሰልፍ ተገትረን ቀረን። ከጓዳ የሻምበል ባለቤት «ኧረ በማርያም፣ ሰውዬው ሊወድቁ ነው!» ሲሉ ይሰማል። በውትድርና የኖረ ሰው ቆሞ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል መሰለኝ፣ ሻምበል ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ መንቀጥቀጤንም አዩ። ከዚያ እጃቸውን አወናጭፈው «በቃ! ሰጥቻለሁ! ልጄን ሰጥቻለሁ፣ አሁን ይቀመጡልኝ!» አሉ።

እልልታው ከጓዳ ሲፈነዳ እኔ ወንበሩን ዞሬ በቀጥታ ወደ ነደባው ሄድኩና ዘጭ አልኩበት። አቤት መቀመጥ! በዕድሜዬ ብዙ ነገር ላይ ተቀምጫለሁ፤ እንዲያ ያለ ምቾት ግን አላውቅም። ቀና ስል ሻምበል ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ለካ እሳቸው ቤት ነደባው ላይ የሚቀመጠው የቤቱ ሰው ነው፤ እንግዳ ወንበር ላይ ነው። እሳቸው የእንግዳውን ወንበር ትቼ ቤተሰብነቴን በራሴ ያወጅኩ መሰላቸው። አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉና ትከሻዬን ስመው በጆሮዬ ነገሩኝ። የቀደሙትን ሽማግሌዎች የመለስኳቸው፣ ቡናቸውን ጠጥተው ከመሄድ በቀር ልጁ የሚያሳስበው ሰው ስላላየሁባቸው ነው አሉ። እንዲህ የሚቆምለት ሰው ያለው ልጅ ጋ ልጄ ብትሄድ አልሰጋም አሉ።

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ደስታዬ ደግሞ የእውነት ነበር። ናትናኤልን በሕፃንነቱ ትከሻዬ ላይ ሰቅዬ ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ ወንበሩ ከብረት የተሠራ ቢሆን ኖሮ እንኳ ለእሱ እስከ ማታ እቆም ነበር። ይህንንም ማንም አልጠየቀኝም እንጂ እምል ነበር።

ወሬው በማግስቱ ፈረስ መጋላ ደረሰ። እየዞረ ሲሄድ የቆምኩበት ሰዓትም አብሮ ረዘመ፤ አንዱ ከጠዋት እስከ ማታ ቆመ ብሎ ለራሴ ነገረኝ። ልጃቸውን ሊድሩ ያሰቡ ሁሉ ሽማግሌ ሁንልን እያሉ ቤቴን ያንኳኩ ጀመር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የጉልበቴ ነገር አስፈርቶኝ፣ የናትናኤልንም ልጆች ማየት አማረኝና ጠዋት ጠዋት ከሐረር በላይ ወዳለው፣ ሐኪም ወደሚባለው ተራራ መውጣት ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ ግማሽ መንገድ ላይ አህያ የሚነዱ ሴቶች እያለፉኝ ይስቁ ነበር፤ አሁን ሰላም እያሉኝ ያልፋሉ። ቀበቶዬ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። ሐኪሙ መነጽሩን አድርጎ «ጎበዝ» አለኝ።

ይህን ቤተሰብ በተሰበሰበበት በኩራት ስናገር ማጨብጨብ ጠብቄ ነበር። አልማዝ ግን ፊቷ ጥቁር አለ። በማግስቱ ጠዋት በሰፊ ድስት ዶሮ ወጥ ሠርታ፣ ድስቱን በነጠላዋ አቅፋ መጣች። የእሷ ልጅም አንዲት ልጅ ወዷል፤ የልጅቷ አባት ከሻምበል የባሱ ናቸው አሉ። ድስቱን ፊቴ አስቀምጣ እጄን ያዘችና «ወንድም ጋሼ፣ እባክህ የልጄ ጉዳይ እስኪያልቅ እንዳትከሳብኝ» ብላ ለመነችኝ። ደንግጬ ለምን ብላት፣ እኔ ነገሩ ያልገባኝ ሞኝ መስዬያት በትዕግሥት አስረዳችኝ፦

«ቀጭን ሰው ቢቆም ማን ያዝንለታል?»