ማጅራት የምታሳየው መስታወት

ሕልም በሌሊት ብቻ ይመጣል ያለው ማነው? ሹፌሩ ዘርጋው ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ የበላው ክትፎ ገና ሆዱ ውስጥ ሳይረጋ፣ ሕልም አየ። የት ተኝቶ እንዳትሉኝ፤ አትቸኩሉ፣ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ መስታወቷ ልንገራችሁ፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው በእሷ ነው።

ዘርጋው በጅማ መንገድ ሲመላለስ ፀጉሩ የሸበተ የአገር አቋራጭ አውቶብስ ሹፌር ነው። አውቶብሱ ውስጥ፣ ከሹፌሩ አናት በላይ፣ ፊቱን ወደ ተሳፋሪው ያዞረ ስክሪን ተሰቅሏል። ፊልም ይታይበታል። ተሳፋሪው ይስቃል፣ ያለቅሳል፤ ዘርጋው ግን ድርሻው ድምፁ ብቻ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? በገዛ መኪናው የሚታየውን ፊልም የማያውቀው እሱ ብቻ ሆነ። በተለይ አንዱ ፊልም ያንገበግበው ነበር፤ ቦርጫሙ ሙሽራ የጠላ ጋን ውስጥ የሚወድቅበት። «ጧ!» ይላል፣ አውቶብሱ በሳቅ ይናወጣል፣ ዘርጋው ደግሞ አስፋልት አስፋልቱን ያያል። «ይሄ ግፍ አይደለም?» ይል ነበር ለሚስቱ።

አንድ ቀን ፀጉሩን ሲስተካከል፣ አስተካካዩ ትንሽ መስታወት ከኋላው ይዞ፣ በፊት ለፊቱ መስታወት ማጅራቱን አሳየው። ዘርጋው «አገኘሁት!» ብሎ ከወንበሩ ዘለለ። አስተካካዩ ቅማል ያገኘ መስሎት ደነገጠ። በማግስቱ ዘርጋው እንደዚያችው ያለች መስታወት ገዝቶ፣ ከመጀመሪያው ወንበር በላይ ጣሪያው ላይ ሰቀላት። ተሳፋሪውን የሚያይበትን የራሱን መስታወትም ወደ ላይ ቀና አደረገው። ፊልሙ ከስክሪኑ ወደ ትንሿ መስታወት፣ ከእሷ ወደ ሹፌሩ መስታወት፣ ከዚያ ዘርጋው ዓይን ውስጥ ይገባ ጀመር። አይ ብልጠት! ብልጠት ብሎ ዝም ነው።

ትናንት ታዲያ ከዘርጋው ኋላ ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠችው የገዛ ልጁ ሶስና ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ጅማ ደርሷት ልትመዘገብ መሄዷ ነው። መናኸሪያ ላይ እናቷ አስካለ የዘርጋውን ኮሌታ ይዛ፣ «ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ዓይንህን ከልጄ ላይ እንዳትነቅል» አለችው።

«አንቺ ደግሞ! ዓይኔ ላይ አስቀምጬ ነው የማደርሳት» አላት።

ወልቂጤ ምሳ በሉ። ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ከረረ፣ ሞቀ፣ አናት ይበሳ ጀመር። ቦርጫሙ ሙሽራ ጋኑ አፍ ላይ ወጥቶ መጨፈር ያዘ። ተሳፋሪው ትንፋሹን ዋጠ። ዘርጋውም አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ወደ መስታወቱ ቀና አለ።

ሕልሙ የሚጀምረው ተመልሶ ወልቂጤ ላይ ነው። ከተማዋ ራሷ ሻንጣዋን ተሸክማ መንገድ ዳር ቆማለች። «ሹፌር፣ ለአንድ ከተማ ቦታ ይኖርሃል?» አለችው። ከኋላዋ ወሊሶ «ተራ ያዢ!» እያለች ትገፋታለች። ለካ ሰው መሄድ ትቶ፣ ቁጭ ባለበት ከተሞቹ ናቸው የሚመጡለት።

«ጅማስ?» አለ ዘርጋው።

«ጅማማ ጠዋት መጥታ፣ ብታጣችሁ ተመለሰች።»

ልከተላት ብሎ እጁን ወደ መሪው ቢሰድ መሪ የለም። መሪው ተሳፋሪው ጋ ነው። እያንዳንዱ አንዳንድ መሪ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ደስ ወዳለው ያዞራል። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ግራ፤ አንድ ሽማግሌማ መሪያቸውን ትራስ አድርገው ያንኮራፋሉ። አውቶብሱ ግን ይሄዳል፣ ያውም ይከንፋል። የፊት መስታወቱ በነበረበት ቦታ ላይ ከዳር እስከ ዳር ስክሪን ተዘርግቷል።

«መንገዱ የታለ?» አለ ዘርጋው።

«መንገዱ ማስታወቂያ ሲገባ ነው የሚታየው፤ ታገስ» አለችው ሻሽ ያሰረች ሴት።

ዘርጋው ማስታወቂያ ጠበቀ። አልገባም። ልቡ አላስችል አለው፣ ይቁነጠነጥ ጀመር። በስክሪኑ ጥግ በኩል አንዲት ቀዳዳ አየና፣ ጎንበስ ብሎ በእሷ ወደ መንገዱ አጮለቀ። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ። አውቶብሱ ቀጥ አለ።

ትራፊኩ አህያ ነበር። ነጭ ኮፍያ ደፍቶ፣ ነጭ ጓንት አጥልቆ፣ ጆሮዎቹን በኮፍያው ቀዳዳ አውጥቶ መጣ። ዘርጋው በዕድሜው ስንት አህያ በጥሩምባ ከአስፋልት አባሯል፤ ይሄኛው ግን ጌታዬ የሚባል ነው።

«ምን ስትሠራ ነው የያዝኩህ?»

«ኧረ ምንም ጌታዬ!»

«መንገድ ስታይ ነው! አትካድ!»

«አንዴ ብቻ እኮ ነው። ልጄን! ብልጭ አድርጌ ነው ያየሁት።»

«ሁላችሁም አንዴ ብቻ ነው የምትሉት። ያን የመሰለ ፊልም ትተህ መንገድ ታያለህ? ልጅ የለህም እንዴ?» አለና መንጃ ፈቃዱን ተቀበለው፤ አሸተተው፤ በላው።

ዘርጋው ክው አለ። ለመንጃ ፈቃዱ አይደለም፤ ልጅ የሚለው ቃል ነው የወጋው። ዞር ሲል የሶስና ወንበር ባዶ ነው።

«ልጄ የታለች?»

«ፊልሙ ውስጥ ገብታለች» አሉት ተሳፋሪዎቹ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። «ጎበዝ ናት፣ አትረብሽብን።»

ስክሪኑን አየ። እውነትም ሶስና ናት። የጊቤ ቁልቁለት መታጠፊያ ላይ፣ አስፋልቱ መሐል፣ ሻንጣዋን ይዛ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ከበላይዋ አንድ አውቶብስ እየተምዘገዘገ ይወርዳል። ጎኑ ላይ አረንጓዴ መስመር አለው፣ አንዱ የፊት መብራቱ ተሰንጥቋል። ዘርጋው መብራቱን አወቀው፤ ራሱ ነው በፕላስተር የለጠፈው። የአውቶብሱ ሹፌር አንጋጦ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ይሄኔ ስልኩ ጮኸ። አስካለ ናት።

«ደረሳችሁ?»

«አጠገቤ ናት፣ ምንም አትስጊ» ብሎ ዋሸ።

«አውቃለሁ፣ እኔም እያየኋት ነው። ቤት ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። እንደው መጨረሻው ምን ይሆን?» አለችው፤ ከኋላዋ ሰው ቆሎ ሲቆረጥም ይሰማል።

ዘርጋው ስልኩን ወርውሮ ፍሬን ረገጠ። እግሩ ባዶ ወለል መታ።

«ፍሬኑ የት ሄደ? ወገን፣ ፍሬኔን ያያችሁ!»

«ኋላ ወንበር ጋ ነው። ተቀባበሉለት እስቲ» አለ አህያው በመስኮት።

ፍሬኑ እንደ ታክሲ ሒሳብ ከእጅ ወደ እጅ መምጣት ጀመረ። ግን ማን ያቀብል? አንዷ ትቀበልና ስክሪኑ ላይ ፍዝዝ ትላለች። «እህቴ፣ አቀብይው!» ሲላት «ቆይ ወንድሜ፣ ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ደርሰናል» ትለዋለች። ቀጥሎ ያለው ይቀበላል፣ እሱም ይፈዛል። በስክሪኑ ውስጥ አውቶብሱ አንድ መታጠፊያ ጨረሰ። ከመንገዱ ዳር ፍየሎች እንደ ኳስ ሜዳ ተመልካች ተደርድረዋል። አንዲት ግልገል እናቷን ጎሸም አድርጋ፣ «እማዬ፣ ሰውየው ለምን አያይም?» አለች።

«ሰው ነዋ ልጄ። ፍየል መሰለሽ?» አለቻት እናቷ።

ፍሬኑ ሽማግሌው ጋ ደረሰ። ነቁ። አገላብጠው አዩት።

«አባቴ፣ በፈጠረዎት ያቀብሉኝ! ልጄ መንገድ ላይ ናት!»

«አይዞህ ልጄ» አሉት ፍሬኑን እቅፋቸው ውስጥ እየከተቱ። «ይሄን ፊልም አውቀዋለሁ። መጨረሻው ያስቃል።»

ዘርጋው ሊነሳ ቢሞክር ወንበሩ አልለቀው አለ። «ሶስና! ዞር በይ! ሶስናዬ!» ብሎ ጮኸ። ከአፉ የወጣው ግን የቦርጫሙ ሙሽራ ድምፅ ነው። ተሳፋሪው ሳቀ። እንደገና ጮኸ። ባሰባቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው ተንፈቀፈቁ። ዘርጋው አለቀሰ፣ ለመነ፣ እናቱን ጠራ። በእያንዳንዱ ልመና ሳቁ እየደመቀ ሄደ። አውቶብሱ የመጨረሻውን መታጠፊያ ታጠፈ። ሶስና ድምፅ የሰማች ይመስል ቀስ ብላ መዞር ጀመረች። አህያው ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከቶ ነፋ፤ ፊሽካው ግን እንደ ከባድ መኪና ጥሩምባ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጮኸ፣

ዘርጋው ዓይኑን ገለጠ።

እጁ መሪ ላይ ነው። እግሩ ነዳጅ ላይ። ፊት ለፊቱ አንድ ባለ ተሳቢ መኪና የፊት መስታወቱን ሞልቶ ይመጣል። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፣ ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረገጠ። ፍሬኑ ነበረ፤ ተመስገን፣ ፍሬኑ ነበረ። ባለ ተሳቢው ጎኑን ታክኮ እየጮኸ አለፈ። አውቶብሱ ጠጠር ላይ ተንሸራቶ ቆመ፣ ሞተሩ ጠፋ።

የት ተኝቶ ነበር ያላችሁኝ፣ እንግዲህ እዚያ ነው። ጊቤ ቁልቁለት ላይ፣ መሪ ይዞ።

ከኋላው አውቶብሱ በሳቅ ይናወጣል። ሙሽራው ገና አሁን ነው የወደቀው፤ ሁለት እግሮቹ ከጋኑ አፍ ላይ ይወራጫሉ። ከተሞቹ፣ አህያው፣ ፍየሎቹ፣ ያ ሁሉ ሕልም በአንድ «ጧ!» እና በአንድ ሳቅ መሐል ነው ያለቀው። ያን ሁሉ ሰው ጭኖ፣ የሆነውን ያየ አንድም የለም። መንገጫገጩንም ከሳቃቸው ጋር ደባልቀውታል።

«አባዬ!» አለች ሶስና በሳቅ የመጣ እንባዋን እየጠረገች። «አየኸው? እግሩን አየኸው?»

ዘርጋው መሪውን እንደጨበጠ ነው።

«ጎሽ ሹፌር፣ ጥሩ ቦታ ቆምክልን» አሉ አንድ ሽማግሌ ከመሐል። «ሽንቴ ወጥሮኝ ልለምንህ ነበር።»

«እኔም ልውረድ» አለች ሶስና። አንገቷን ወደ ስክሪኑ ጠምዝዛ፣ እየሳቀች፣ በሩን ከፈተችና አንድ እግሯን ወደ ውጭ ሰደደች።

ዘርጋው ከወንበሩ እንዴት እንደተነሳ ዛሬም አያውቀውም። ሹራቧን ከማጅራቷ ላይ ጨምድዶ ያዛት።

ሶስና ሳቋን አቋርጣ ቁልቁል አየች። ጊቤ እታች፣ እሩቅ፣ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። እግሯ አየር ላይ ነው።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ። «እዚህ ጋ መሬት የለም እኮ።»

«ሹፌር!» አለ አንዱ ከኋላ ወንበር፤ «ድምፁን ትንሽ ጨምረውማ!»