በውሰት የቆየ ቅጠል

እኛ አስተማሪዎች አንድ ክፉ አመል አለብን። ሰው እምቢ የሚለን ስላልገባው ይመስለናል። ደጋግመን ካስረዳነው፣ ጠመኔ ተገኝቶም ሥዕል ካከልንበት፣ እሺ ማለቱ አይቀርም እንላለን። እስቲ ስንቱ በደንብ ገብቶት እምቢ እንዳላችሁ አስቡት!

መካነ ሰላም ባዮሎጂ ሳስተምር ነው። ያን ሰሞን ግምገማ የማይገባበት ቤት አልነበረም፤ እኔም «የማስተማሪያ መሣሪያ አያዘጋጅም» ተብዬ ተመዝግቤያለሁ። ታዲያ አንድ ወጣት ጂኦሎጂስት ከአዲስ አበባ መጥቶ «ድንጋይ ላይ የታተመ ቅጠል ያየ አለ?» ሲል ማን ቀድሞኝ! በወግዲ መንገድ እማማ ዘሃራ የሚባሉ ባልቴት እንዲህ ያለ ድንጋይ ከባላቸው መቃብር ራስጌ እንዳቆሙ አውቅ ነበር። ወጣቱን ይዤው ሄድኩ።

በአገሩ ልማድ መቃብር ላይ እርጥብ ቅጠል ይደረጋል፤ እስኪደርቅ ድረስ ለሟቹ የመቃብሩ ቅጣት ይቀልለታል ይባላል። እማማ ዘሃራ በየጁምዓው ይዘው ይወጡ ነበር። ግን ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ፍየል ይበላዋል፣ ኋላም ጉልበታቸው ዳገቱን እምቢ አለ። ያኔ ነው ባላቸው በሕይወት ሳሉ ከአባይ ቁልቁለት በበቅሎ ጭነው ያመጡት፣ ዘንባባ መሳይ ቅጠል ያለበት ድንጋይ ትዝ ያላቸው።

እማማ ዘሃራን ደግፈን ዳገቱን ወጣን፤ ጂኦሎጂስቱ ድንጋዩን ሲያየው ተንበርክኮ አቧራውን ጠረገ። ደግ ልጅ ነው፤ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አስረዳቸው። ዘንባባ አይደለም፤ ዳይኖሰር በነበረበት ዘመን የበቀለ፣ ዘሩ ከምድር የጠፋ ተክል ነው። ስሙ ከቅጠሉ ይረዝማል። ለጥናት አዲስ አበባ ልውሰደው አላቸው።

«ስንት ሚሊዮን ዓመት እንዲህ ቆይቷል፣ እማማ።»

«ይኸን ሁሉ ዘመን ሳይረግፍ?»

«ሳይረግፍ።»

«አልሐምዱሊላህ!» እንባቸው መጣ። «እኔኮ እስከ መቼ ይበቃው ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ነው የኖርኩት። እንግዲያስ እስከ ቂያማ ቀን ይደርስለታል። አይነካም፣ ልጄ።»

ገባቸው። እምቢ አሉ። እኛው አስረድተን እኛው አጥብቀን ተከልንላቸው!

ልጁ ግን ሲዳብሰው ጠርዙ ላይ ስንጥቅ አገኘ። ለሁለት ይከፈታል፣ ሁለቱም ላይ ቅጠሉ ይወጣል አላቸው። ብዙ ፈሩ፤ ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ «ቢስሚላህ በል» አሉት። በመሮ ቀስ ብሎ ቢመታው እውነትም ተከፈተ፤ በአንዱ ቅጠሉ፣ በሌላው የዚያው ቅጠል ግጣም። ልጁ አንዱን ሊያነሳ ጎንበስ አለ።

«እሱ የኔ ነው» አሉት። «ልጅ አልወለድኩ። እኔ ስሞት ማን እርጥብ ያመጣልኛል?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እስከዚያው አንተ ዘንድ ይቀመጥ፣ መምህር። ልጆቹ ይማሩበት።»

ልጁ ፎቶ አንስቶ ተመለሰ። እኔ በግምገማ ተመሰገንኩ። ክፍል በገባሁ ቁጥር «ይህ ውሰት ነው፤ ባለቤቱን እማማ ዘሃራን አላህ ያቆይልን» እላለሁ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተማሪ «አሚን» ይላል። መጀመሪያ ዕድሜ የለመንኩላቸው ለድንጋዩ ብዬ ነበር፤ ልዋሽ አልፈልግም። በኋላ ግን ለሳቸው ነው።

ከዓመታት በኋላ፣ አንድ ሰኔ ላይ፣ መልእክት መጣ። ድንጋዩን ጭኜ ወጣሁና ከራስጌያቸው አቆምኩት፤ ቅጠሉን ወደ ባላቸው ቅጠል አዙሬ።

በዚያ ዓመት ግምገማ «የማስተማሪያ መሣሪያ አጥፍቷል» ተባልኩ። አላስረዳሁም።